«ያሚ» የሚባል ቃል ያመጣብን ጣጣ

ይድረስ በአስመራ ከተማ ለምትኖረው ለምወድህ ወንድሜ ለዳምጤ።

እንደምን ከርመሃል? ደረትህስ እንዴት ነው? በክረምቱ የጻፍክልኝ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ያስቸግርሃል? የአስመራው ብርድ ከአገራችን ከጉመር ብርድ አያንስም ብለህ ነበር፤ የላክንልህን ጋቢ ትለብሳለህ ወይስ ከተሜ ሆኛለሁ ብለህ ሳጥን ውስጥ ከትተኸዋል? አብረውህ የሚሠሩት ጓደኞችህ፣ ቤት ያከራዩህ ሴትዮ፣ ልጆቻቸውም ሁሉ ደኅና ናቸው? እኛ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እማዬ ጉልበቷ ትንሽ አስቸገራት እንጂ ድምፅዋ እንደ ድሮው ከጓሮ እስከ መኪና መንገዱ ይሰማል። ባለቤቴ ገሠሠም ደኅና ነው፤ ሆዱ ብቻ ወደፊት እየቀደመው ተቸግሯል። ለመስቀል ፈቃድ ተከልክለህ እንደቀረህ የጻፍከው ደብዳቤ ደርሶን እኛ ተረድተንሃል። እማዬ ግን አለቃህን እስካሁን አልተረዳችውም።

ዛሬ ብዕር ያነሳሁት አንድ ወሬ ሳይቀድመኝ ልድረስብህ ብዬ ነው። በዚህ ሰሞን ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ሁሉ ስሜን ይዞ ነው የሄደው። መርካቶ ያሉት ዘመዶቻችን ወለተ ሐና ፈረንጅ በክትፎ ገደለች ሲባል ሰምተው አንዳንዶቹ ለቅሶ ሊመጡ ተነሥተው ነበር አሉ። ለማን ለቅሶ እንደሆነ ግን አልገባኝም። አንተም ሳትሰማ አትቀርም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን እወቅልኝ፤ ፈረንጇ አልሞተችም። ይህን ስጽፍልህ ከጓሮ ፀጉሯን እየታጠበች ስትዘፍን ይሰማኛል። የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ባለፈው ዓመት መስቀል ካለፈ በኋላ ለትምህርት ቤታችን አንዲት አሜሪካዊት አስተማሪ መጣችልን። ስሟ ሚስ ጆይስ ይባላል። ከምግብ ቤታችን ጀርባ ካሉት ክፍሎች አንዱን ተከራይታ ከእኛው ግቢ ገባች። ቁመቷ ከፍ ያለ ስለሆነ በራችንን ጎንበስ ሳትል አታልፍም፤ በመጀመሪያው ወር ግንባሯ ላይ እብጠት አልጠፋም። እህታችን መንበረ ስምንተኛ ክፍል ስለገባች እንግሊዝኛ የምትማረው ከእሷ ነው። አማርኛ አስተምረው ነው የላኳት፤ ነገር ግን ያስተማራት ሰው በጣም ጨዋ ሳይሆን አይቀርም፣ ጠዋት ጠዋት ውሻችንን «እንደምን አደሩ?» እያለች ነው የምታልፈው። ልጅቱ ደግ ናት። የሰጠሃትን ሁሉ ትቀበላለች፣ እምቢ ማለት የሚባል ነገር አታውቅም። ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ደግነቷ ነው።

የመስቀል ዕለት ብቻዋን ክፍሏ ውስጥ ከምትውል ብለን ጠራናት። መንበረ ያን ሰሞን አገና አክስታችን ዘንድ ሄዳ ነበር፤ እሷ ቤት ብትኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ክትፎውን እማዬ በገዛ እጇ ነው የሠራችው። ሥጋውን እንዴት እንደምትመርጥ ታውቃለህ፤ ገሠሠ ያመጣውን ሁለት ጊዜ መልሳበታለች። ቅቤው እንደ ወትሮው ከጎረቤታችን ከእማማ ከድጄ ነው። እማዬና እማማ ከድጄ ሥጋው በየሃይማኖታቸው ቢለያያቸውም በቅቤው አንድ ሆነው የኖሩ ሰዎች መሆናቸውን አንተም ታውቃለህ። ቆጮው፣ አይቡ፣ ጎመኑ ሁሉ ቀርቦ ፈረንጇን ከእማዬ አጠገብ አስቀመጥናት፤ እማዬም በቀንድ ማንኪያ ዝቃ ሰጠቻት።

ሚስ ጆይስ አንድ ጊዜ ጎረሰች። ዓይኗን ጨፈነች። እኛ ማኘክ አቁመን እናያታለን። ከዚያ በእጇ ሆዷን ክብ ክብ እያደረገች አሸችና ድምፅዋን ጎትታ «ያ...ሚ» አለች። እማዬ ማንኪያውን አስቀመጠች። «አመማት» አለች። ገሠሠ ቆይ እስቲ ቢልም እማዬ አልሰማችውም፤ «ያመኛል ልትል ጀምራ መጨረስ አቅቷት ነው፤ ሆዷን ስትይዝ አላየህም?» አለችው። ወዲያው ወደ ፈረንጇ ዞረችና ጮክ ብላ «ልጄ፣ ያምሻል?» ብላ ጠየቀቻት። ሚስ ጆይስ ፊቷ በራ። ለካ ቃሉን እኛም የምናውቀው መስሏት ኖሯል፤ «አዎ፣ አዎ፣ በጣም ያሚ» አለችና እጇን እንደገና ወደ ጣባው ሰደደች። እማዬ ጣባውን ሳበችባት። ፈረንጇ ደግሞ ተንጠራርታ «ያሚ» አለች። እማዬም ወደኔ ዞራ፣ ይህ ነገር ትል ነው፣ ከአገሯ ይዛው የመጣችው ነው፣ ሥጋ ሲሸተው ነው የተነሣባት አለችኝ። ነገሩን ስትናገረው እኔም አመንኳት። ምን ልበልህ ወንድሜ፣ ሴትዮዋ ሆዷን ይዛለች፣ ያምሻል ስትባል አዎ ትላለች፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

እማዬ ተነሥታ ፌጦ በሎሚ በጠበጠች። ነጭ ሽንኩርትም ጨመረችበት። ፌጦ ሲጠጣ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ፤ ልጅ ሆነህ ሲሰጥህ ቆጥ ላይ ወጥተህ ነበር። ሚስ ጆይስ ግን ጽዋውን በሁለት እጇ ተቀብላ ጠጣችው። ዓይኗ ቀላ፣ አፍንጫዋ ቀላ፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እኛ ሁላችን አፏን ጠብቀን ቆመናል። እሷም ትንፋሿን ሰብስባ በቀጭን ድምፅ «ያሚ» አለች። እማዬ «አሁንም አልለቀቃትም» ብላ ደገመቻት። ሁለተኛውን ጠጥታ ያሚ ለማለት አፏን ከፈተች፣ ድምፅ አልወጣም። ገሠሠ ይህን ሲያይ ጋቢውን ጥሎ ሮጠ።

የሮጠው ወደ ሙስተፋ ነው። ሙስተፋን ሳታውቀው አትቀርም፤ ድሬሰር ነበርኩ እያለ መርፌ የሚወጋው፣ መድኃኒት የሚሸጠው ሰውዬ ነው። እማማ ከድጄ ጩኸቱን ሰምተው ልጃቸውን ሸረፋን ከነፒካፑ ላኩልን። ፈረንጇን ከኋላ ፍራሽ አንጥፈን ጫንናት። እሷ ተቀምጣ መንገደኛውን ሁሉ እጇን እያውለበለበች ሰላም ትላለች፤ እኛ በጎንና በጎኗ ሆነን ይዘናታል። መስቀል አይደል፣ መንገዱ ሙሉ ሰው ነበር። ማዶ ምግብ ቤት ያለው ባዩ በራፉ ላይ እጁን አጣጥፎ ቆሞ አየን። ያየው በቂው ነበር።

ሙስተፋ በእንግሊዝኛ የት ላይ ነው የሚያምሽ ብሎ ጠየቃት። የሚያመኝ የለም አለችው። ታዲያ ያሚ የምትይው ምንድነው ሲላት ክትፎ አለችው። እሱም ወደኛ መጣና እጁን ወደኋላ አድርጎ፣ ይህን በሽታ በስሙ አልተማርኩትም፣ ነገር ግን በሽተኛ የሚያመኝ የለም ካለ ነገሩ ሥር ሰዷል ማለት ነው አለን። የሆድ ማጠቢያ ሰጣት። እሷም እንደ ልማዷ አመሰግናለሁ ብላ ጠጣችው። እንግዲህ ወንድሜ፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጤነኛ የነበረችው ልጅ በማግስቱ በእውነት ታመመች። ከክፍሏ ወደ ሽንት ቤት፣ ከሽንት ቤት ወደ ክፍሏ ስትመላለስ ውሻችንን እንኳ እንደምን አደሩ ማለት ትታ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የኛ ነገር ተበላሸ። ምሳ ሰዓት መንገደኛ ጭነው ከእኛ በር የሚቆሙት ሎንችናዎች ትንሽ ራመድ ብለው ባዩ በር መቆም ጀመሩ። ባዩ ክፉ ተናገረ አልልህም፤ የኔ ክትፎ ሰው አያሳምምም ብቻ ነው ያለው። ግማሹ ሰው ሥጋው ነው ይላል፣ ግማሹ ቅቤው ነው ይላል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሴቶች እማዬን ሲጠይቋት ተናዳ «እኔ ሥጋዬን አውቀዋለሁ» አለች። ሥጋዬን ካለች እንግዲህ የቀረው ምን እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። ቃሉ ከምሳ በፊት እማማ ከድጄ ጆሮ ደረሰ። በነጋታው ቅቤ አልመጣም። እማማ ከድጄም በበራችን ሲያልፉ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ማለፍ ጀመሩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔን የጎዳኝ የእማዬ ነገር ነው። አንድ ጠዋት ቢላዋዋን ጠርጋ በእጄ አስያዘችኝና ከእንግዲህ አንቺ ሥሪው አለችኝ። ለምን ስላት እጇን ገልብጣ አየችው፤ «ሰው የሚፈራው እጅ ምን ይሠራል» አለችኝ። ልጅነታችንን ታስታውሳለህ፤ አባታችን ሲሞት ያሳደገን ይኸው እጅ ነው። ከዚያ በኋላ ከጓሮ ኮባው ሥር ተቀምጣ ስትውል፣ ድምፅዋም መኪና መንገዱ ድረስ መሰማቱ ሲቀር፣ ወንድሜ፣ የሎንችናዎቹን ነገር ረሳሁት።

መንበረ ከአገና የተመለሰችው ነገሩ እንዲህ ተበላሽቶ ሳለ ነው። ሻንጣዋን ሳታወርድ ምን ሆናችኋል አለች። ገሠሠ ከመጀመሪያው ተረከላት። ያሚ ከሚለው ላይ ሲደርስ መንበረ የጨው ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ፌጦው ላይ ሲደርስ ከጆንያው ወደቀች። እኔ ያመማት መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ ሳቅ ነው። ትንፋሿ ሲመለስ ያሚ ማለት በእንግሊዝኛ ምግብ ሲጣፍጥ የሚባል ቃል ነው አለች።

እማዬ ከጓሮ ተጠርታ መጣች። አላመነችም። እንግሊዝኛ ጣፋጭ የሚል ቃል አጥቶ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። መንበረም እንደ አስተማሪ ቆማ አስረዳቻት። ጣፋጭ ለማለት ዴሊሽየስ የሚባል ቃል አለ፤ እሱ የትልቅ ሰው ቃል ነው፤ መጽሐፍ ላይ ያለውም፣ እንግዳ ፊት የሚባለውም እሱ ነው። ያሚ ግን የሕፃን ቃል ነው። ሕፃን ልጅ አፉን ሞልቶ እናቱን የሚላት ነው። ትልቅ ሰው የሚለው ጣዕሙ ትልቅነቱን ሲያስረሳው ብቻ ነው። ደግሞም ለሚበላ ነገር ነው እንጂ ቤት ያሚ ነው፣ ሰው ያሚ ነው አይባልም አለች። እማዬ ሰምታት ስትጨርስ «ፌጦውንም እኮ ያሚ ብላዋለች» አለች። እውነትም ፌጦ ይጣፍጣል የሚል ሰው በየትኛውም አገር አይገኝም። እማዬም «እኔን ለማጽናናት ይህን ሁሉ መፍጠርሽ ደግ ልጅ መሆንሽን ያሳያል» ብላት ወደ ኮባዋ ተመለሰች።

የቀረው ራሷን ፈረንጇን መጠየቅ ነበር። ሚስ ጆይስ ገርጥታ ከክፍሏ ወጣች፤ መንበረ በእንግሊዝኛ ነገረቻት። ልጅቱ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። እሷ ለካ ሁሉም የመስቀል ሥርዓት መስሏት ነው የዋለችው። መጀመሪያ ክትፎ ይበላል፣ ቀጥሎ የሚያስለቅስ ነገር ይጠጣል፣ ከዚያ በመኪና ተጭኖ ከተማ ይዞራል፣ በመጨረሻ ነጭ ካፖርት ወደለበሰ ሰው ዘንድ ተሂዶ ሌላ ነገር ይጠጣል። ከመምጣቷ በፊት የአገሬውን በዓል አክብሪ ተብላ ስለተመከረች አንዱንም እምቢ አላለችም። ፌጦውስ ብላ መንበረ ስትጠይቃት ወደ እማዬ አየት አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ፌጦው ያሚ አልነበረም ብላ አመነች። ያን ጊዜ እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

ይሁንና እማዬ ብታምን ከተማው አላመነም። ሚስ ጆይስ ራሷ ናት መላውን ያመጣችው። ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ሎንችናዎቹ ሁሉ በሚቆሙበት ሰዓት፣ በራችን ላይ ተቀምጬ ሰው እያየኝ እበላለሁ አለች። የሚሠሩት ግን እናታችሁ ናቸው፣ የሌላ ሰው አልበላም ብላ ድርቅ አለች። እማዬም ብሠራም በማን ቅቤ አለች። መልሱን ራሷ ስለምታውቀው ሻሿን አስራ ተነሣች። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ ነበር። እማዬ ከእማማ ከድጄ በራፍ ቆመች፤ ይቅርታም አላለች፣ ሰላምታም አልሰጠች፤ «ፈረንጇ ደግማ ልትበላ ነው» ብቻ አለች። እማማ ከድጄ ገብተው ከሁሉ የተሻለውን ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ሰጧት። እማዬ ስትመለስም ነጠላቸውን አጣፍተው ራቅ ብለው ተከተሏት፤ ቅቤያቸው ምን እንደሚባል ሳይሰሙ መቅረት አልፈለጉም።

ቅዳሜ ዕለት ወንበር አውጥተን ሚስ ጆይስን በራፉ ላይ አስቀመጥናት። ሹፌሮቹ፣ ረዳቶቹ፣ ተሳፋሪው፣ ትምህርት ቤት ያሉት ልጆች፣ ባዩም ከነሽርጡ ሳይቀር መጥተው ከበቡን። ሙስተፋ መድኃኒቱን በቦርሳ ይዞ ከሩቅ ቆሟል። እማዬ ክትፎውን አቀረበችና ወደ ኋላ ሸሸች። ልጅቱ ጎረሰች። ደገመች። ጣባውን ጠርጋ በላችው። መንበረ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አስጠንታታለች፤ ክትፎው በጣም ጣፋጭ ነው የሚል። ያሚ እንዳትል አደራ ብላታለች። ሚስ ጆይስ ብድግ ብላ፣ ቁመቷ ከሁሉ በላይ ወጥቶ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ከተማው በሚሰማው ድምፅ «እኔ በጣም ጣፋጭ ነኝ» አለች።

ሹፌሮቹ እርስ በርስ ተያዩ። መንበረ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ያን ጊዜ እማማ ከድጄ ከኋላ ሆነው በረጋ ድምፅ «ልጄ፣ እኛ ስለ ቅቤው ነው የጠየቅንሽ፤ ስላንቺማ የሚመሰክረው ሌላ ሰው ነው» አሏት። ወንድሜ፣ ሳቁን እንዴት ልጻፍልህ። ሎንችና ውስጥ ተኝቶ የነበረው ሰው ሳይቀር ነቅቶ ይስቃል። ፈረንጇ ምን እንደሳቁ ሳይገባት አብራ ትስቃለች። እማዬ ግን ከሁሉ በላይ ሳቀች። መቆም አቅቷት የእማማ ከድጄን ትከሻ ይዛ፣ እማማ ከድጄም ወገቧን ይዘው፣ ሁለቱ አሮጊቶች እየተደጋገፉ አለቀሱ፣ ሳቁ፣ የቱን እንደሚያደርጉት እንጃ። አንዱ ሹፌር ገብቶ ከወንበር ተቀምጦ ለእኔም ከዚያው አምጡልኝ አለ። እኔ ቢላዋውን ላነሣ ስል እማዬ ቀደመችኝ። እጅጌዋን ሰብስባ «ውጪ ከፊቴ፣ አንቺ ሥጋ ታደቅቂያለሽ» አለችኝ። በሕይወቴ ስድብ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን ቤታችን ከበፊቱም ሞቅ ብሏል። ሹፌሮቹ ክትፎ ማለት ትተው ገና ከሎንችናው ሳይወርዱ «አንድ ያሚ ለብ ለብ» ይላሉ። ባዩም እንዳይቀርበት ከበሩ በላይ በኖራ ጽፏል፤ ፊደሉን ግን ስቶ «የሚ አለ» ነው ያለው፤ ሰው ሁሉ የሚ ምን አለ እያለ ይገባበታልና ለእሱም አልከፋውም። ሙስተፋ መድኃኒቱን የሰጠሁት ለጥንቃቄ ነው ይላል፤ ያሚ የሚለውን ቃልም ድሮ አውቀው ነበር ማለት ጀምሯል። ከሁሉ የከፋው ገሠሠ ነው። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን እጅ ነሥቶ የዛሬው ስብከትዎ ያሚ ነበር ብሏቸዋል። መንበረ በመንገድ ሁሉ እየገሠጸችው መጣች፣ ለሚበላ ነገር ብቻ ነው ብላው። እሱም እኔ ዛሬ የጠገብኩት ስብከቱን ነው አላት።

ይህን ደብዳቤ ስጽፍ እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ቅቤ ታነጥራለች። ምን ምን እንደጻፍኩልህ ካነበብኩላት በኋላ ዳምጤ አስመራ ላይ ምግብ ሲጣፍጠው ምን እንደሚል ጠይቂልኝ አለችኝ። በትግርኛ ነው ወይስ በጣልያንኛ አልኳት። እጇን አወናጨፈችብኝ፤ «የቋንቋውን አይደለም፤ ሲልስ የሚሰማው ሰው አጠገቡ አለ ወይ?» አለችኝ። እኔ መልሱን ስለማላውቅ አንተ ጻፍላት። የለም ከሆነ መልስህ፣ አለቃህን ፈቃድ ጠይቀው፤ ከከለከለህም እማዬ ራሷ ልታነጋግረው ሎንችና ትሳፈራለች፤ ይህንን ማስፈራሪያ ነው ብለህ እንዳታልፈው።

እማዬ ሁለቱን ጉንጭህን ስማሃለች። ገሠሠ ወንድሜን ሰላም በይልኝ ብሏል። መንበረ በእንግሊዝኛ ልጻፍለት ብላ ብዕሬን ልትነጥቀኝ ነበር፣ በአማርኛ ሰላምታዋን ተቀበልልኝ። እማማ ከድጄ አላህ ከክፉ ይጠብቀው፣ ሰላምታዬ ይድረሰው ብለዋል፤ ሸረፋም እንዲሁ። አገና ያሉት አክስታችን ጋቢውን ይልበስ ብለው ልከውብሃል። ሚስ ጆይስም ስለ አንተ ሰምታ፣ ወንድማችሁን እንደምን አደሩ በሉልኝ ብላለች። ቤት ላከራዩህ ሴትዮ ከእማዬ ብዙ ምስጋና ስጥልን፤ እንደ ልጃቸው ያዩህ ዘንድ አደራ ብላለች። እኔም እህትህ በናፍቆት ተሰናበትኩህ።

ወለተ ሐና

ቡታጅራ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.